የንግሥቲቱ ዱቄት

መምህርት መንበረ ከመስታወቱ ፊት ወድቀው የተገኙት የፈረንሳይ ንግሥት መስለው ነው። ሰፊው ሰማያዊ ቀሚስ ወለሉን ሞልቶታል፤ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ጸጉር ተንሸራቶ ትከሻቸው ላይ አርፏል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዱቄቱን የነሰነሰችው ጠይባ ነበረች። ሬሳው ከተነሳ በኋላ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ ነጩ ግን ከጥፍሯ ሥር አልወጣ አላት።

መምህርቷ ፈረንሳይኛ የተማሩት ልጅ ሳሉ እምድብር፣ ከሚሲዮኑ መነኮሳት ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ቡታጅራ ያለውን የወላጆቻቸውን ቤት የሙሽራ ልብስ ማከራያ አደረጉት፤ ጠይባም ልብስ ሰፊያቸው ሆነች። በየዓመቱ ጥቅምት ስድስት፣ ማሪ አንቷኔት አንገቷን የተቀላችበት ቀን ነው ብለው እንደ እሷ ይለብሳሉ። ታናሽ ወንድማቸውን ዘመድኩንን፣ ኬክ ጋጋሪ ጎረቤታቸውን ሀያቱንና ጠይባን ምሳ ጋብዘው ያንኑ ታሪክ ይተርካሉ። መጨረሻው አይለወጥም፤ ንግሥቲቱ ወደ መሰየፊያው ስትወጣ የገዳይዋን እግር ትረግጥና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሆን ብዬ አይደለም» ትለዋለች። እዚህ ሲደርሱ መምህርቷ ያለቅሳሉ፤ ሀያቱ ደግሞ እኔ ብሆን ሁለተኛውንም እግሩን እረግጥለት ነበር ብላ ታስቃቸዋለች።

ዘንድሮ ታሪኩ ሳይጀመር ቀረ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሳሌሃ ከወልቂጤ መጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ከሰው ፊት ይልቅ እጅ ላይ የሚቆይ ሴት ናት። ሐኪሙ መምህርቷን የገደላቸው አስም ነው ብሎ ነበር። የስንዴ ዱቄት ብናኝ ደረታቸውን እንደሚዘጋው ሁሉም ያውቃል፤ ከአምስት ዓመት በፊት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ወድቀው ለጥቂት ነው የተረፉት። ስለዚህም የንግሥቲቱን ጸጉር የሚያነጡት በደረቅ ቡላ ነበር፤ ቡላው በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ ተጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጣል። ሳሌሃ ቆርቆሮውን ከፍታ ከዱቄቱ ይልቅ ቅጠሉን ለረጅም ጊዜ አየች። አረንጓዴ ነው፤ በጅማቱ በጅማቱ ተሰነጣጥቋል።

እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ጠየቀች። ሀያቱ ቤቷ ዱቄት መሙላቱን ሳትጠየቅ ተናገረች፤ ወደ መምህርቷ ስትመጣ ግን ልብሷን ሳትቀይር ደጃቸውን አትረግጥም። በሚመጣው ሰኞ መምህርቷ ቤቱን ለከተማዋ ልጃገረዶች ማንበቢያ እንዲሆን ሊፈርሙ እንደነበርም የነገረቻት እሷ ናት። ዘመድኩን ከሚኒባስ የወረደው ለቅሶው ከተጀመረ በኋላ እንደሆነ ገለጸ፤ ዱቄቱን በገዛ እጇ የነሰነሰችው ጠይባ መሆኗንም ሁለት ጊዜ አስታወሰ።

ጠይባ ተራዋ ሲደርስ ጥፍሯን እየፋቀች ገባች።

«አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ፣ ተቀመጪ። የአስም ፓፋቸው የት ነበር የሚቀመጠው?»

«መሳቢያው ውስጥ። ትናንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አይቼው ነበር። ሲያፍናቸው ሮጬ ስከፍተው የለም።»

በመሃሉ እሷና መምህርቷ የፊት ክፍል ውስጥ ሙሽራ ሲያለብሱ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተዋል፤ የጓሮው በር ክፍት ነበር።

«ዱቄቱ እጅሽ ላይ እንዴት ነበር?»

ጠይባ ቀና አላለችም። «ነጭ ነበር» አለች።

ሳሌሃ ማስታወሻዋን ዘጋች። ጓሮ ወጥታ በእንሰቶቹ መካከል ጎንበስ ብላ ስትመላለስ በመስኮት ታየች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከሰል ምድጃው ላይ ውሃ ይፈላል። ከሀያቱ ቤት ያስመጣችውን ቡላ በአንድ ብርጭቆ፣ የቆርቆሮውን ዱቄት በሌላው አድርጋ የፈላ ውሃ እየጨመረች አማሰለች። የመጀመሪያው እንደ መስታወት ጠርቶ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ደፈረሰ እንጂ አልጠራም።

«ስንዴ ነው» አለች ሀያቱ በሹክሹክታ።

ሳሌሃ ለሦስቱም አንዳንድ የኮባ ቅጠልና እፍኝ እፍኝ ቡላ ሰጠቻቸው። «ጠቅልሉልኝ» አለች።

«ሴትዮ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሙያ ታስተምሪናለሽ እንዴ?» አለ ዘመድኩን።

«ከቻልክ መማር አያስፈልግህም።»

ሀያቱና ጠይባ ሳይነጋገሩ ወደ ምድጃው ሄዱ። ቅጠሉን ከእሳቱ በላይ ወዲያና ወዲህ ለብለብ አድርገው፣ ሲለሰልስ እንደ ጨርቅ አጠፉት። ዘመድኩን የተቀመጠበት ሆኖ ጥሬውን አጠፈው። ቅጠሉ በጅማቱ ተሰነጠቀና ቡላው ጭኑ ላይ ፈሰሰ።



«እዚህ አገር» አለች ሳሌሃ «ኮባን እሳት ሳታሳይ የምትጠቀልል ሴት የለችም፤ ከእናቷ ጉያ ሳትወጣ ነው የምትማረው። ወንድ ልጅ ግን ሲጠቀለል እንጂ ሲለበለብ ልብ አይልም። ቡላውን የቀየረው ሰው አሮጌው ቅጠል ሲቀደድበት ከጓሮ አዲስ ቆርጦ ጥሬውን ጠቀለለ። ከሦስታችሁ እንዲህ የሚጠቀልለው አንድ ነው። እሱ ብቻውን አይበቃኝም ነበር፤ ግን ቅጠሉ የተቆረጠበት እንሰት ሥር ይህን አገኘሁ።» ከከረጢቷ ፓፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሚኒባሱን ያሽከረከረውም ትናንት ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ እንዳወረደህ ነግሮኛል።»

ዘመድኩን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ያደግኩበት ቤት ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሰኞ እንዲያልፍ ብዬ ነው። ልገድላት ብዬ፣ ሆን ብዬ አይደለም።»

«ፓፉንስ?»

ዘመድኩን ጭኑ ላይ የፈሰሰውን ቡላ ማራገፍ ጀመረ።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ጠይባ ሳሌሃን እስከ በር ተከተለቻት።

«ኢንስፔክተር፣ ጠዋት የጠየቅሽኝን አልመለስኩም። ቡላ ሲያሹት ጣት ውስጥ ጭርር ይላል። ያ ዱቄት ዝም አለ። እጄ አውቆት ነበር።»

«አውቃለሁ። ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እጅሽ የገበሬ እጅ ነው፣ ሐር አይነካም ብለው ሙሽራዋ ፊት ስለሰደቡኝ አኩርፌ ነበር። ጸጉሩ ቢበላሽባቸው ምን አገባኝ አልኩ። ስንዴ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

ሳሌሃ እስክሪብቶዋን አላወጣችም። «ይህን የምጽፍበት ገጽ የለኝም» አለችና ወጣች።

ጠይባ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። ሰማያዊው ቀሚስ ወንበር ላይ ተጥሏል፤ ጫፉ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ኖሮ ሳታየው ረገጠችው። ደንግጣ እግሯን አነሳች።

«ይቅርታ ማዳም» አለች።

የንግሥቲቱን ቀጣይ ቃል ጠበቀችው፤ አፏ ግን እምቢ አላት።