ያልያዘው ማዕዘን

አናጢው ከመጋዙ ማሽን ሥር ሞቶ በጎኑ ወድቋል። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ ጫፉ ደም የነካው ቁራጭ ጣውላ ተጋድሟል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል።

«ወይ ማሽኑ ጣውላውን አስፈንጥሮበታል፣ ወይ ወንድምየው መቶታል» አላት መርማሪዋን። «ጠዋት አብሮት የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ወንድምየው የሰጋቱራ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ይኸው ማሽን በቅርቡ ሁለት ጣቶቹን በልቶበታል። ቀኝ እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ ካቴናው በግራው ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ሌሊቱን የት ነበርክ?» አለችው መርማሪዋ።

«ክሊኒክ። ቁስሉ አመርቅዞ ከትናንት ቀትር ጀምሮ አስተኙኝ። ጠዋት ስመጣ ጋሼ ወድቋል።»

«ትጣላላችሁ ይባላል።»

«ያሳደገኝ እሱ ነው። ከማን ጋር ልጣላ ታዲያ?»

የሟቹ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተናገረች። «ማታ ራት ሳመጣለት ‹አትጠጊኝ፣ ኮላ ቀብቻለሁ› አለኝ። ‹እስኪደርቅ እዚሁ አድራለሁ።› ሥራ ሲይዝ እንዲህ ነው። ስወጣ ሸሪኩ ገባ።»

ሸሪኩ በጎን ባለው ሱቅ አናጢው የሠራውን ዕቃ የሚሸጥ ነው። «እኔ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም» አለ፣ ወንድምየው ላይ እየቀሰረ። «ማታ ደህና እደር ብዬው ወጣሁ፤ ደህና ነበር። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ማሽኑ እንጨት ሲቆርጥ ሰማሁ። ከዚያ ጭቅጭቅ፤ ከዚያ ጭጭ።»

«ዝም ብሎ ሲዞር ይሆናል» አለች መርማሪዋ።

«እህቴ፣ መጋዝ ሥር ነው ያረጀሁት። ሲቆርጥ ያቃስታል። ሲቆርጥ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ ዞረች። ላዩ ላይ አዲስ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አለ፤ እንጨት አቅፎ ወደ ምላጩ የሚንሸራተት፣ እጅን ከስለቱ የሚያርቅ። በየማዕዘኑ አንድ አንድ የሚዛን ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዮቹን እያነሳች ማዕዘኖቹን በአውራ ጣቷ ሳብ ሳብ አደረገች። አራተኛው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለች።

ቀረቡ። የካቴናው ሰንሰለት ተንቃጨለ።

«ሰሌዳው ከሥሩ ሁለት ዘንጎች አሉት። ምላጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘንጎቹ በማሽኑ ቦዮች ውስጥ ተጋድመው ኮላ ይቀባሉ፤ ሰሌዳው ከላይ ይጫናል። ምላጩ ብቅ ብሎ ሰሌዳውን የሚሰነጥቀው ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው። ይኸው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ታዲያ ጠዋት እንጨቱ በየት በኩል ተቆረጠ?»

«ሰሌዳውን አንስቶ ይሆናላ» አለ ሸሪኩ።

«ይህችን የኮላ ጠብታ እያት። ፈስሳ ዘንጉን ከቦዩ ጋር አጣብቃ ደርቃለች። ቢነሳ ትሰበር ነበር። ከማታ ወዲህ እዚህ ማሽን ላይ የተቆረጠ እንጨት የለም።»

መርማሪዋ ወደ አራተኛው ማዕዘን አመለከተች።

«አሁን ይህን ማዕዘን ሳቡት።»

ሚስትየው ሳበችው። በቀላሉ ተነሳ።

«ሦስቱ ይዘዋል፤ ይህ ግን አልያዘም፣ ድንጋይ እያለበት። ኮላው እርጥብ ሳለ ድንጋዩ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ሰው መምቻ። ድንጋዩ ሲመለስ ኮላው ደርቆ ነበር። ሸረሪት እንኳ ሰጋቱራ ለብሳ በምትኖርበት ቤት፣ ይህ ድንጋይ ብቻ ታጥቧል። ጣውላው ደም የተቀባው ለማሳሳት ነው። ሰውየው የተመታው ማታ ነው። ማታ ይህ ልጅ ክሊኒክ ተኝቷል። ግድያውን ወደ ጠዋት መግፋት የሚጠቅመው፣ ያልተቆረጠ እንጨት ሲቆረጥ የሰማው ሰው ብቻ ነው።»

ፖሊሱ በሩን ዘጋ።

«ክዳኑን እኔ ነኝ የፈታሁት» አለ ሸሪኩ መጨረሻ ላይ። «የምላጩን መከላከያ። ሥራ ያጓትታል ብዬ። ‹ለልጁ ጣት አንተ ነህ ተጠያቂ፣ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እናገራለሁ› አለኝ። ድንጋዩ እጄ ሥር ነበር።»

ካቴናው ከልጁ ግራ እጅ ወጥቶ ሸሪኩ እጅ ላይ ገባ። የታጠበው ድንጋይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሄደ።

ወንድምየው ሰሌዳውን አየ። «ጋሼ እኮ እንጨቱን በእጁ ነው የሚገፋው። ይሄ ምን ያደርግለታል?»

«ላንተ ነዋ» አለች የወንድሙ ሚስት። «‹የቀሩትን ጣቶቹን እንኳ ላትርፍለት› ብሎ።»

ልጁ በግራ እጁ የኮላ ቆርቆሮውን ሳበና በተከፈተው ማዕዘን ውስጥ መቀባት ጀመረ። ፖሊሱ «ማስረጃ...» ሊል አፉን ሲከፍት፣ «ፎቶው ተነስቷል፤ ተወው» አለችው መርማሪዋ።

የሚጫን አራተኛ ድንጋይ አልነበረም። ሚስትየው ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ መዳፏን ማዕዘኑ ላይ አሳረፈች፤ ልጁም በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረበበት። እስኪደርቅ ሁለቱም አልተነሱም።