የፖምፓው ቀይ ምልክት

አቶ ገብረአብ የተገኙት እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በገዛ ጋራዣቸው በቆመ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። ግንባራቸውን መሪው ላይ አስደግፈው የተኙ ይመስሉ ነበር። ግድግዳው፣ መሣሪያው፣ የእሳቸውም ሽበት ሳይቀር ጥላሸት ለብሷል። ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር ሰገነት ሰኞ ጠዋት ስትደርስ ሰዉ ፈርዶ ጨርሶ ጠበቃት፦ ሰውዬው ራሳቸውን አጠፉ። ምክንያትም አልጠፋም። ከሦስት ሳምንት በፊት እሳቸው ሞተሩን ያስተካከሉት መኪና ከአባይ በረሃ ሲወጣ ዳገቱ ላይ ቱርቦው ተበጣጥሶ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከነሾፌሩ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ አቶ ገብረአብ ላገኙት ሁሉ «ከእኔ ቤት የወጣ መኪና ሰው ገደለ» ይሉ ነበር። ሐኪሙም በሰውነታቸው ውስጥ የእንቅልፍ ኪኒን አግኝቷል።

ጋራዡ ያለበት የዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብዛኛው ፈርሷል፤ ጋራዡ በፍርስራሹ መሃል ከሁለት ሦስት ቤቶች ጋር ቀርቷል። ሰገነት ያደገችው እዚሁ ነው። የሞቱ ጎረቤቶቿ ስሟን የጠሩ መስሏት ሁለት ጊዜ ዞር ብላለች። እንዲህ ያለው ነገር ያስፈራታል፤ ፖሊስ ነኝና ብላ ለማንም አትናገርም እንጂ።

የሟቹ ልጅ ሉዋም በር ላይ ቆማ ነበር። ጥቁር ለብሳለች።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ነው» አለቻት። «ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም አሉኝ ቄሱ። አባቴ አንድ ቅዳሴ አልፎት አያውቅም። እርስዎ የሚጽፉትን ነው የሚጠብቁት።»

ሰገነት ቃል አልገባችላትም። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰው በእሷ ፊርማ ራሱን አጥፍቷል ተብሎ ያለ ፍትሐት ተቀብሯል፤ እውነቱ የወጣው ከዓመት በኋላ ነው። ያ ሰው እስከ ዛሬ በሕልሟ እየመጣ ደጃፏ ላይ ይቆማል። አይናገርም፣ አይገባምም።

የአቶ ገብረአብን ሙያ ያስረዳት ተማሪያቸው ሃፍቶም ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ሠርቷል፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ቱርቦው አየር እያመቀ ያስገባል፣ ፖምፓው ናፍጣውን ይሰጣል። ናፍጣው ከአየሩ ከበለጠ ጉልበት ይጨምራል፣ ግን ጥቁር ጭስ ነው፣ ሙቀቱም ቱርቦውን ይበላዋል። ልኩን የምትወስነው በፖምፓው ጎን ያለች አንዲት ብሎን ናት። አቶ ገብረአብ ብሎኗን ካስተካከሉ በኋላ በሴት የጥፍር ቀለም ቀይ መስመር ያሰምሩባታል፤ ጥቂት ከዞረች መስመሩ ይሰበራል። በዚያ ቤት ሳይሰመርባት የወጣች ብሎን የለችም። ከዚያም በሩን ዘግተው፣ ጭሱን በቱቦው ወደ ውጭ ለቀው፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ጆሯቸውን እንጂ መሣሪያ አያምኑም ነበር።

«እሑድ አልመጣህም?»

«ከቅዳሴ ቀጥታ አምስት ኪሎ፣ ዘመድ ጋ ሄድኩ። ጋሼን ካየኋቸው ቅዳሜ ነው።»

ሰገነት ሞተሩን አስነሳችው። በለሆሳስ ዞረ። መሀረቧን ጭሱ ላይ ብትይዘው ዓመድማ እንኳ አልሆነም። አስጠፋችውና ባትሪዋን አብርታ ፖምፓው ላይ አጎነበሰች። ፖምፓው ከላይ እስከ ታች ጥላሸት ነው። የብሎኗ ቀይ መስመር ግን ያልተሰበረ፣ ንጹሕ፣ ብርቱካን የመሰለ ቀይ ነበር። መሳቢያውን ስትከፍት የአቶ ገብረአብን የቀለም ጠርሙስ አገኘች፤ የጠቆረ ቀይ ነው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

የሞተው ሾፌር ወንድም፣ ከተማ የሚባለው፣ ከቀሩት ቤቶች በአንዱ ይኖራል። ለቅሶው ላይ ገብረአብን ሳልገድል አልቀርም ብሎ መዛቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እሱም አልካደም።

«እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሩ ይጮህ ነበር» አላት። «ገብረአብ ደግሞ ሞተር አያስጮህም። ሰባት ሰዓት ገደማ ዝም አለ።»

«ሄደው አላዩም?»

«እጠላው ነበር። ለምን ብዬ ልየው?»

ገደል የገባውም ጋራዡ ውስጥ የቆመውም መኪና የአቶ ዘይኑዲን ነው፤ ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ሲገቡ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር፤ ቁልፉን አልነኩም፤ ጮኸው ወጡ። ታንኩ ግን ግማሽ ድረስ ናፍጣ ነበረው።

መጨረሻ ላይ ሉዋምን ስለ ጥፍር ቀለሙ ጠየቀቻት። አሮጌው ደርቆባቸው ቅዳሜ ማታ አዲስ ገዝታላቸው ነበር። እሑድ ታምማ የተኛች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ለሃፍቶም ሰጥታዋለች፣ ሰኞ ሥራ ሲገባ እንዲያደርስላት።

ማክሰኞ ጠዋት አራቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናው አፉ ተከፍቶ መሃላቸው ቆሟል። ማንም ወደ ጋቢናው አላየም።

«ከቀላሉ ልጀምር» አለች። «ሞተሩ ሰባት ሰዓት ላይ ጠፋ። ናፍጣ አላለቀበትም፣ አቶ ዘይኑዲንም አልነኩትም። ኪኒን ውጦ የተኛ ሰው ቁልፍ አያዞርም። ስለዚህ ሌላ ሰው ገብቷል።»

ከተማ ራሱን ቀና አደረገ።

«ሁለተኛ፣ እሑድ ሲጮህና ይህን ሁሉ ጥላሸት ሲተፋ የዋለው ሞተር ሰኞ በለሆሳስ ዞረ። ናፍጣው በዝቶ ነበር፣ በኋላ ወደ ልኩ ተመልሷል። ይህን የሾፌር ወንድም አያደርገውም፣ ባለንብረትም አያደርገውም። ፖምፓ የሚያውቅ እጅ ነው።»

«ሌባም ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ጋራዥ» አለ ሃፍቶም።

«ሦስተኛውን ስማ። መስመሩ ሥር ጥላሸት አለ፣ መስመሩ ላይ ግን የለም። የተቀባው ጭሱ ከረጋ በኋላ ነው። የጋሼህ ቀለም ደርቋል። ይሄኛው አዲስ ነው፣ ቀለሙም ሌላ ነው። ሉዋም የገዛችው ጠርሙስ አንተ ጋ ነው። አሳየኝ።»

ሃፍቶም እጁን ኪሱ ከተተና እዚያው ተወው። ሰገነት ራሷ አወጣችው። ክዳኑ ተከፍቷል፣ አንገቱም ላይ ቀለም ፈሷል።

ያን ጊዜ አቶ ዘይኑዲን ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ለአባዩ መኪና ጉልበት እንዲጨምርላቸው ሃፍቶምን የለመኑት እሳቸው ነበሩ። ገብረአብን ቢጠይቁ እምቢ እንደሚሉ ያውቃሉ።

«ጋሼ ገደል ድረስ ወርደው ፖምፓውን አዩት» አለ ሃፍቶም። መሬት መሬቱን ያያል። «መስመሩ ተሰብሯል፤ ብሎኗን ያዞርኩት መኪናው ከዚህ ቤት ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ነበር፣ ቀለም አልያዝኩም። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ተናገር፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ አሉኝ። ኪኒኑን ሻይ ውስጥ ጨመርኩት። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ቱቦውን ነቀልኩ፣ ጭሱ እንዲበዛ ብሎኗን አዞርኩና ወጣሁ። ሰባት ሰዓት ተመልሼ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እንዳይታወቅብኝ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኩ። ሳላሰምርባት ልወጣ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ቤት እንዲያ አልወጣሁም።»

ሉዋም ቀስ ብላ ቀረበችው።

«ስትመለስ አባቴ ሞቶ ነበር?»

ሃፍቶም ወደ ቀይዋ መስመር ዞረ።

«ይተነፍሱ ነበር» አለ። «ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅኩ።»

ሉዋም አልጮኸችም፣ አልመታችውም። ሄዳ የጋራዡን ሁለት በር እስከ ዳር ከፈተችው፤ ንፋስ እስኪገባም ይዛው ቆመች። የሰገነት ዓይን እንባ ሞላ፣ አልደበቀችውም።

ወረቀቱን እዚያው የመኪናው አፍንጫ ላይ ጽፋ ፈርማ ለሉዋም ሰጠቻት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ፍትሐቱን ጀመሩ። አስከሬኑን ሊያነሱ ሲሉ ከፊት በኩል አንድ ሰው ጎደለ፤ ቦታው ለሃፍቶም የተተወ ነበር። ከተማ ከሰዉ መሃል ወጥቶ ሉዋም ፊት ቆመ።

«ወንድሜን የገደለው እሱ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ረገምኩት» አላት። «ልሸከመው?»

ሉዋም በራሷ ንቅናቄ እሺ አለችው። ከተማም ነጠላውን አስተካክሎ ትከሻውን ሰጠ፣ ቀስ ብለውም ወጡ።