በጓዳ የታተሙ ሰዎች

ሃቲ ጓንቷን አጥልቃ እጇን ባልዲው ውስጥ ስትከት መጀመሪያ ያገኘችው ራሷን ነበር።

አባቷ ክላይቭ «ከአልኮሉ አውጥተሽ ፎጣው ላይ ደርድሪልኝ፤ ደንበኛ አለብኝ» ብሏት ወደ ሱቁ መውጣቱ ነው። ጓዳው ይሸታል። ሬዚን ከሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ ትንንሽ ምስሎች የሚያትመው አዲሱ ማተሚያ ከገባ ወዲህ የተበላሸ እንቁላልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንድ ላይ የተቀቀሉ የሚመስል ሽታ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ቤት ገብታ ፀጉሯን ሁለቴ ብትታጠብ እንኳ አይለቃትም። አፍንጫዋን በክንዷ ከልላ አንዷን ምስል በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገቻት። የጣት አንጓ የምታክል፣ ግራጫ፣ የምታሙለጨልጭ ልጅ ናት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የድንች ጥብስ ትበላለች። አንደኛው ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዷል።

ካልሲውን ስታይ ሃቲ ምስሏን ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት።

ያቺን ልጅ ታውቃታለች። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዕረፍት ሃቲ ራሷ ሱቁ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጥብሷን ስትበላ፣ ጆስሊን «እንዳትነቃነቂ! ካልሲሽንም እንዳትነኪው!» ብላ በእርሳስ ነደፈቻት። ኋላ በሰም ቀረጸቻት፤ ከዚያ ነጭ ብረት አቅልጣ ሠራቻት። ጆስሊን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ በእናቷ ጋራዥ ውስጥ ለሞዴል ባቡር ጣቢያዎች የሚሆኑ ትንንሽ ሰዎች ትሠራለች፤ ሻንጣ የሚጎትቱ፣ ጃንጥላ አልከፈት ብሏቸው የሚታገሉ፣ ባቡር አምልጧቸው የሚሳደቡ። ለሽያጭ የምታስቀምጣቸውም እዚህ፣ በሃቲ አባት ሱቅ ብቻ ነው።

ባልዲው ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ኮፍያ አድርጋለች።

ሃቲ እጇን መልሳ ከተተች። ሌላ ሃቲ ወጣች። ሌላም። እንደ ሞቱ የእንቁራሪት ግልገሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ሁሉም ኮፍያ አላቸው። አንዷ ፊቷ ሳይወጣ ስለቀረ ዓይን የላትም። ቀፈፋት። ፎጣው ላይ ወረወረቻትና ጓንቷን በሱሪዋ ጠረገች።

ክላይቭ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። «ጨረስሽ? ሚስተር ፓስኮ ሦስት ይፈልጋሉ።»

«አባ፣ ይህቺ እኔ ነኝ።»

«የቷ?»

«አትቀልድብኝ። የጆስሊን ሥራ ናት። በስካነር ቀድተሃታል።»

ክላይቭ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ያብስ ጀመር። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ ሲዋሽ መነጽሩን ያጸዳል። «የጆስሊን ኮፍያ የላትም» አለ።

«ኮፍያ ስላደረግክላት ያንተ ሆነች?»

«ቀስ በይ፣ ሃትዬ፤ ሰው ይሰማል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ሣጥን መሸጥ አለቀለት። ሰው እዚህ መጥቶ ሣጥኑን ይነካካል፣ ምክር ይጠይቀኛል፣ የትኛው ሙጫ እንደሚሻል አስረዳዋለሁ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ በስልኩ ከኢንተርኔት ያዛል። በራሴ በር ላይ! ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሱቅ የሚኖረው በጓዳው ራሱ ካመረተ ብቻ ነው። ጠዋት ታትሞ ከሰዓት ይሸጣል። የዚህ ሙያ መጪው ጊዜ ይሄ ነው።»

«ምኑን ነው ያመረትከው? ቀዳህ እንጂ!»

«እስክለምደው ነዋ። የራሴን መሥራት እማራለሁ። እስከዚያ ግን ምን ልብላ? እናትሽ በመጦሪያ ቤት ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስታገላብጥ አድራ በደሞዟ የዚህን ቤት ኪራይ ትክፈል? አያትሽ የተወልንን ሱቅ ዘግቼ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጫ ላድርገው? ከግራችን አለ፣ ከቀኛችን አለ፤ ሦስተኛው እኛ እንሁን?»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሃቲ ሌላ ጊዜ ቢሆን ታቅፈው ነበር። አሁን ግን እንባውም እንደ ባልዲው ፈሳሽ የሚያጣብቅ መሰላት። የማታዝንለት ቢሆን ይቀላት ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ ሚስተር ፓስኮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክላይቭ ሦስቱን የደረቁ ምስሎች በላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ በላያቸው «የጣቢያው ሰዎች» የሚል ወረቀት ለጥፎ ወጣ። ሃቲም ሽታው ስላንገፈገፋት ተከተለችው።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው በአውሮፕላን፣ በመርከብና በባቡር ሣጥኖች ተሞልቷል፤ የአንዳንዶቹ ሥዕል በፀሐይ ነጥቷል። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ ሰው በቀላሉ በሚያየው ቦታ፣ የአባቷ አዳዲስ ከረጢቶች የተንጠለጠሉበት የሚሽከረከር መስቀያ ቆሟል። የጆስሊን ምስሎች ድሮ እዚያ ነበሩ። ሃቲ በዓይኗ ፈለገቻቸው፤ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከሙጫ ቆርቆሮዎች ጀርባ ተወሽቀው አገኘቻቸው።

ሚስተር ፓስኮ ከረጢቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩት። ጡረታ የወጡ የፖስታ ሠራተኛ ናቸው፤ ሰገነታቸው ላይ አንድ ከተማ ሙሉ የሞዴል ባቡር አላቸው። «የዚያች ልጅ ሥራ አይመስልም እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ግዴለም፣ በእሷ ግማሽ ዋጋ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ ማን ያጣራል?»

«እርስዎ ያውቃሉ ማለት ነው?» አለች ሃቲ።

«እኔ ምንም አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አሉና ጠቀሷት።

የበሩ ደወል ጮኸ። ጆስሊን ናት፤ ዱቄት የነካው ጃኬቷን እንደለበሰች፣ በብብቷ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። ክላይቭ ከመቅጽበት ከጀርባው የነበረውን የአቧራ መጥረጊያ ጨርቅ መስቀያው ላይ ጣለ። ሚስተር ፓስኮም ከረጢታቸውን ቀስ ብለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ማንም ለማንም ምንም አላለም። ሃቲ ያየችው ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሳይነጋገሩ እንዴት እንደተግባቡ ነው፤ ከሽታው ሁሉ የከፋ ሆነባት።

«እንዴት ዋላችሁ? ሃቲ፣ ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አይብ መስሏል» አለች ጆስሊን።

«የጓዳው ሽታ ነው» አለ ክላይቭ ፈጥኖ። «ቀለም ፈስሶብን።»

ጆስሊን ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አልቆይም። አዲሶቹን ከመተዌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኔዎቹ ተሸጡ?»

«አንድም» አለ ክላይቭ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የነካቸው ሰው የለም። ጊዜው ነው፣ ጆስ። ሰው ጠፋ።»

«የኔ ሥራ ቀሽም ሆኖ ከሆነ ንገረኝ፤ አልቀየምም።»

«ኧረ በፍጹም! ሥራሽማ ግሩም ነው» አለ መነጽሩን እያወለቀ።

ጆስሊን ወደ ሃቲ ዞረች። «አንቺ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚገዛ አልቀረም?»

ሃቲ አባቷን አየችው። ክላይቭ መነጽሩን እያጸዳ ነው። ሚስተር ፓስኮ የማይገዙትን የመርከብ ሣጥን ጀርባ ያነባሉ። ጨርቁ ስር የመስቀያው ቅርጽ በግልጽ ይታያል።

«ገበያው ቀዝቅዟል» አለች። «ሰው... አይገባም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የራሷ ድምፅ አልመሰላትም።

ጆስሊን ራሷን ነቀነቀችና ሳቀች፤ ግን ሳቋ አላማረም። «እንግዲያው ደህና። አንድ ሰውዬ የብረት ማቅለጫዬንና መሣሪያዎቼን በሙሉ ልግዛሽ እያለ ሲነዘንዘኝ ከርሟል። አሁን ሄጄ እሺ ልለው ነው። ዳቦ ቤቱም ሙሉ ቀን ሥሪ ብሎኛል።» ቆርቆሮዋን መልሳ ብብቷ ስር አደረገች። «አታልቅስብኝ፣ ክላይቭ። ሥራዎቼን ስላስቀመጥክልኝ አመሰግናለሁ። ሌላ ሱቅ ቢሆን በሩንም አይከፍትልኝም ነበር።»

ወጣች። ደወሉ እንደገና ጮኸ። ሚስተር ፓስኮም «በሉ፣ ቸር ያቆየን» ብለው ተከተሏት። በመስታወቱ ውስጥ ሃቲ ስታያቸው፣ ለጆስሊን ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጧት፤ ከዚያ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ በሌላው አቅጣጫ ሄዱ።

ክላይቭ ጨርቁን አነሳው። ተነፈሰ። «ጎበዝ» አላት። «ከብዶሽ እንደነበር አውቃለሁ። ቤተሰብ ማለት ይሄ ነው።» ትከሻዋን ጨበጠ። እጁ ላይ ከማተሚያው የነካው ሬዚን ነበረበትና ሹራቧ ላይ ተጣበቀ፤ ሲያነሳው እንደ ሙጫ ተላቀቀ።

«አትንካኝ!»

«ሃትዬ...»

«ልታስመልሰኝ ነው። ‹ጎበዝ› አትበለኝ። አስዋሸኸኝ እኮ! የሰው እንጀራ ዘግተን ‹አመሰግናለሁ› አለችን።»

«እና ምን ላድርግ? ንገሪኛ! አንቺ መላ አለሽ?»

መላ የላትም። ሱቁ እንዴት እንደሚተርፍ አታውቅም። ምናልባት አባቷ ትክክል ነው፤ ምናልባት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚህ መንገድ ላይ ሣጥን ከፍቶ፣ ሙጫ አሽትቶ፣ ከሻጩ ጋር ስለ ክንፍና ጎማ ተከራክሮ የሚገዛ ሰው አይኖርም። እዚህ ጠረጴዛ ስር ነው ያደገችው። ነገር ግን የሚተርፈው እንዲህ ከሆነ፣ ሱቁን በልጅነቷ እንደወደደችው አድርጋ ማየት ዳግም እንደማትችል ገባት።

«ሂድና ንገራት» አለችው። «አሁን ማዶ ናት። አብሬህ እሄዳለሁ።»

ክላይቭ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። ማዶ፣ በጣውላ ከታሸገው ጫማ ቤት ፊት ለፊት፣ ጆስሊን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣለች። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ። እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ። ቆየ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«አልችልም» አለ፤ በሹክሹክታ ነው ያለው። «በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ሃቲ ሹራቧን አወለቀች፤ ሬዚን የነካውን ወደ ውስጥ ጠቅልላ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ኮቷን ለበሰች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ለማለፍ ገፋ ማድረግ ነበረባት። አልያዛትም። ስሟን ብቻ ጠራ፤ እሷም አልመለሰችም።

ውጭ ብርድ ነበር። መንገዱን ስትሻገር አየሩን በአፏ ሳበችው። ጆስሊን አየቻትና ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ ስባ ቦታ ለቀቀችላት።

«ምነው፣ አባትሽ ላከሽ?»

«አልላከኝም።»

አጠገቧ ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም። አፏ ውስጥ የተናገረችው ውሸት ጣዕም ነበር፤ ምራቋን ዋጠች፣ አልሄደም። የመንገዱ ጫፍ ላይ አውቶቡሱ ብቅ አለ። ጆስሊን ተነሥታ እጇን ዘረጋች።

ሃቲ እጅጌዋን ያዘቻት።

«ይሄኛው ይለፍሽ» አለች።

«ሰውየው እየጠበቀኝ ነው፣ ሃቲ።»

«ይጠብቅ። መሣሪያሽን እንዳትሸጪ። ቅድም የነገርኩሽ ውሸት ነው፤ እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ። ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

አውቶቡሱ አጠገባቸው ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ «ትገቢያለሽ?» አለ።

ጆስሊን የሃቲን ፊት አየችው። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ ራሷን ወዘወዘችና መልሳ ተቀመጠች።