አልጋው የት ይገጠም?

አባቷ ካቻቢቴውን ይዞ ሲገባ ልጅቷ የሂሳብ ጥያቄዎቿን ገና መጀመሯ ነበር። ከኋላው ታናሽ ወንድሟ የሕፃን አልጋ አንድ ጎን እያንገዳገደ ይጎትታል።

«ተነሺማ ፍልፈሏ፣ ጠረጴዛሽን ወደ ጥግ እንግፋው» አላት አባቷ። ፍልፈል የሚላት ከክፍሏ ስለማትወጣ ነው።

«አባዬ፣ ትናንት እኮ ወደ እሱ ክፍል ወስደኸው ነበር።»

«ትናንት ወንድ ነበር» አለ ብሎኖቹን ከኪሱ እያወጣ። «ዛሬ አያትሽ ደወሉ።»

ልጅቷ እርሳሷን ወርውራ ተነሳች። እናቷ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ደም ሰጥታ ስትመረመር ላቦራቶሪው «ወንድ» ብሎ ነበር። አባቷ አናጺ ነውና አልጋውን በገዛ እጁ ሠርቶ ወንድሟ ክፍል ገጠመው። በቅርቡ ደግሞ በአልትራሳውንድ ስትታይ ባለሙያው «ሴት» አላት፤ አልጋው ተፈትቶ ወደ ልጅቷ ክፍል መጣ። የአባቷ እህት ግን ደም አይሳሳትም፣ የሚያሳስተው ምስል ነው ብላ ድርቅ አለች፤ አልጋው ተመልሶ ሄደ። ግድግዳው በብሎን ቀዳዳ ወንፊት መስሏል።

በዚህ ቤት አንድ ዓረፍተ ነገር በሰላም መጨረስም ቀርቷል። እናቷ «ዛሬ ረገጠኝ» ካለች አያቷ «ረገጠችኝ በይ እንጂ» ብለው ያርሟታል፤ «ረገጠችኝ» ካለች ደግሞ አክስቷ ፊቷን ታጠቁራለች። ልጅቷ ምርር ሲላት ሕፃኑን አንቱ ማለት ጀመረች። «እሳቸው ዛሬም ረገጡሽ?» ትላለች ራት ላይ። ወንድሟ በሳቅ ይንከተከታል። አክስቷ ግን ገና ባልተወለደ ልጅ መቀለድ ነውር ነው ብላ ተቆጥታለች።

አባቷ ሁለተኛውን ብሎን አጥብቆ ሳይጨርስ የእናቷ ስልክ ጮኸ። የተደወለው ከክሊኒኩ ነበር፤ አልጋው እንዳልተገጠመ፣ ጠረጴዛውም እንዳልተገፋ ቀረ። ሁለቱ ውጤቶች ስላልተስማሙ ሐኪሟ በማግስቱ ጠዋት ልታያት ትፈልጋለች። አባቷ ግን ያን ቀን ለሰው የሠራውን የኩሽና ቁም ሣጥን ማስረከብ ስላለበት አብሯት መሄድ አልቻለም። አመሻሹ ላይ አክስቷና አያቷ መጡ፤ አክስቷ እኔ አብሬሽ ልሂድ አለች፤ አያቷ እኔ እያለሁ አሉ። እናቷ ሁለቱንም አየቻቸውና ልጅቷን መረጠች።

ልጅቷ ለሂሳብ ፈተናው ከጓደኞቿ ጋር ልታጠና ተቀጣጥራ ስለነበር ጠዋት እያጉረመረመች ነው ጫማዋን ያደረገችው። መንገዱን ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድ ሆኖ ክፍሌ በተረፈልኝ።

ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። የእናቷን ሆድ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ አንሸራተተችው። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች።

«እኔም የማየው ሴት ነው» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ። «ደሙ ደግሞ ወንድ ብሏል። አንዳንዴ ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ይቀያየራል። አልፎ አልፎ ግን ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የሕፃኑ ዘረ መል አንድ ነገር ይላል፣ ሰውነቱ ደግሞ በሌላ መንገድ ያድጋል። እንደዚህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ያድጋሉ፣ ይማራሉ። ግን ቀድመን ካወቅን ለክትትሉ ይጠቅመናል።»

እናቷ «ልቡስ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ድምፁን ከፈተችው፤ ክፍሉ በፈጣን ትክትክታ ተሞላ። ደህና ነው አለቻት። ከዚያ እንደገና ደም ተቀዳ፤ ውጤቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል ተባለ።

ሲወጡ እናቷ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል፤ ሆዷ ደግሞ አላጎነብስ ብሏታል። ልጅቷ በርከክ ብላ አሰረችላት። እግሯ ይህን ያህል ማበጡን እስከዛሬ ልብ አላለችም ነበር።

«ለአባትሽ ማታ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች እናቷ። «ለሌላው ሰው ግን ውጤቱ እስኪመጣ ምንም አትበይ። ይኸው ስንት ጊዜ፣ ሁሉም ምንድን ነው ይለኛል። አንቺስ እንዴት ነሽ ያለኝ የለም።»

ልጅቷ የታሰረውን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረችው። እሷም ብትሆን እንዲያ ብላ አልጠየቀቻትም። እሷ ስትጠይቅ የከረመችው ስለ ክፍሏ ነው።

«ፈርተሻል?» አለቻት ቀና ሳትል።

«አዎ» አለች እናቷ።

ቤት ሲደርሱ አክስቷና አያቷ ሶፋው ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አባቷም ከሥራ ተመልሷል፤ የፀጉሩን የእንጨት ብናኝ እንኳ ሳያራግፍ ካቻቢቴውን ጨብጧል። እናቷ ደክሞኛል ብላ መኝታ ቤት ገባች። የሁሉም ዓይን ልጅቷ ላይ አረፈ። አክስቷ ምን ተባለ አለች። አያቷ ምን ይባላል፣ ሴት ናት እንጂ አሉ። አክስቷ መለሰች፣ አያቷ መለሱ፣ ድምፁ እየጎላ ሄደ።

ልጅቷ ሐኪሟ ያለችውን አንዴ አፍርጣ ብትናገረው ሁሉም ጸጥ ይሉ ነበር። አፏን ከፈተች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው።

«ውጤቱ ገና ነው» አለች። «የልብ ምቱ ደህና ነው። እማዬ ልትተኛ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አውሩ።»

«ታዲያ አልጋውን የት ልግጠመው?» አለ አባቷ።

«እኔ ክፍል።»

አያቷ ፈገግ አሉ። «አላልኳችሁም?»

«ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እኔ ክፍል ነው፣ እማማ።»

አክስቷ እንዴት ተደርጎ ብላ ጀመረች፤ ልጅቷ ግን ቆማ አልሰማቻትም። ክፍሏ ገብታ መጻሕፍቷን ወለሉ ላይ ደረደረች፤ ከዚያ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ ጥጉ ጎተተች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አያት። ክሊኒክ ምን እንደተባለ አልጠየቃትም። ገብቶ ሌላውን ጫፍ አነሳላት።