ሦስተኛው ጉርሻ

ትርሲት ጠዋት ቤተ ሙከራው ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበላት ሴሎቹ የሚሞቁበት ሣጥን ዝዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር፤ በሩን ስትከፍተው ለብ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ ፊቷን ይዳስሳታል። ውስጡ ሁለት ጠርሙስ አለ። በአንዱ ከታላቅ ወንድሟ ከናሁሰናይ የአንገት ዕጢ የተወሰዱ ሴሎች፣ በሌላው ለማነጻጸሪያ ከራሷ ክንድ የተወሰዱ ጤነኛ ሴሎች።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሴል ለሁለት እንዲከፈል ሁለት ፕሮቲኖች መጨባበጥ አለባቸው፤ እሷ ደግሞ ባለጉዳይን ከአለቃው እንዳይገናኝ እንደሚያጉላላ ጸሐፊ መሃላቸው ገብቶ የሚገተር ሞለኪውል ስትቀምም ሁለት ዓመቷ ነው። አርባ ሰባተኛው ሙከራ ሰመረ፤ የዕጢው ሴሎች ባሉበት ቀጥ አሉ፣ መድኃኒቱ የነካቸው ጤነኞቹም አልሞቱም። ለሰው ለመስጠት ግን የኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ይጠብቃል፤ ዕጢ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላም ሥራውን ይቀጥላል። ናሁሰናይን ሐኪሞቹ ቤቱ እንዲያርፍ ነግረው ሸኝተውታል፤ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው።

ሳትነግረው መድኃኒቱን ምሳው ላይ ጠብ ታደርግለት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ከፍርፍሩ ጠቅልሎ ወደ አፏ ዘረጋ።

«በልቻለሁ፣ ናሁ።»

«ለጓደኛሽ ሠርግ ጥፍርሽን ቀይ ትቀቢያለሽ፣ ለወንድምሽ አፍሽን አትከፍቺም? በሞቴ!»

የሞት ቀጠሮ የያዘ ሰው «በሞቴ» ሲል ምን ተብሎ እምቢ ይባላል? ጎረሰች።

«አንድ ያጣላል» ብሎ ደገማት። ሁለት ጉርሻ ምን ያመጣል ብላ ዋጠች። በማግሥቱም፣ በየምሳውም እንደዚያው።

በሦስተኛው ሳምንት ዕጢውን በማስመሪያ ስትለካው ቅንጣት አልጨመረም። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

«ከምላጭም ተገላገልኩ» አለ ጉንጩን እየዳበሰ፤ «ጢሜ አድማ መትቷል።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ጣቱን አየች። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ሽንኩርት ሲከትፍ የቆረጠው ነው፤ አልመገለም፣ አልጠገገም፣ አልተዘጋም፣ እንደ ትንሽ አፍ ከንፈሩን ከፍቶ ገና አሁን እንደተቆረጠ ቀልቷል። ሲተነፍስ ያ ለብ ያለ የጠርሙሱ ሽታ ከአፉ ወጣ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ፣ ሣጥኑ በሌለበት ቤት፣ ዝዝዝ የሚለውን ድምፅ ሰማች።

ያን ቀን መድኃኒቱን አቆመች። ሴሎቹ ያገግሙ እንደሆነ ለማየት ሁለቱንም ጠርሙሶች ከመድኃኒቱ አጠበቻቸው። በአራተኛው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። የዕጢው ሴሎች ያለፋቸውን ቀን ሊያካክሱ የሚሽቀዳደሙ ይመስል እየተሰነጠቁ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ይሆናሉ። የራሷን አስጠጋች። በሕይወት አሉ፤ ተዘርግተው ጸጥ ብለዋል። ዓይኗ እስኪያነባ ጠበቀች። አንድም አልተከፈለም።

እየሮጠች ቤት ስትደርስ ዕጢው ከጆሮው ሥር እያብለጨለጨ ወጥቷል፤ ጣቱ አሁንም እንደተከፈተ ነው። ምሳ ቀርቦ እሷን ይጠብቃል።

«ነይ፣ ዛሬ ሦስተኛውንም አጎርስሻለሁ፣ አንቺም ታጎርሽኛለሽ» አለና እጁን ዘረጋ።

እጁን ልትመልስ መዳፏን ስታነሳ፣ የዛሬ ወር ገደማ፣ መጉረስ በጀመረችበት ሰሞን፣ ለሠርጉ የተቀባችው ቀይ የጥፍር ቀለም ጫፍ ጫፉ ተላልጦ፣ ከሥሩ ግን አዲስ ጥፍር የክር ያህል እንኳ ሳይበቅልበት፣ ልክ በተቀባችው ቀን እንደነበረው ሥጋዋን ታክኮ አየችው።