የጋሽ ቆይ እርሳስ

ልጅቷ ዐሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አባቷ በየሰው ቤት ስሙን የሚጽፍ ይመስላት ነበር።

ሲጽፍ በዓይኗ አይታዋለች። ገና ትንሽ ሳለች፣ እናቷ ቤት በማትውልባቸው ቅዳሜዎች፣ አባቷ ወደ ሥራው ይዟት ይሄድ ነበር። በማታውቀው ሳሎን፣ በማታውቀው ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትጠብቀዋለች። የተንጋደደው በር ቀንቶ፣ የሚያቃስተው ማጠፊያ ዝም ብሎ፣ የባለቤቶቹ ምስጋና ከተሰማ በኋላ አባቷ ከጆሮው ላይ አጭር እርሳስ ያወርዳል። ከዚያም ማንም በማያየው ቦታ፣ በመቃኑ የላይኛው ጠርዝ ወይም በመሳቢያው ሆድ ላይ፣ አንድ ነገር ይጫጭራል። ሠዓሊ በሥዕሉ ግርጌ እንደሚፈርም እሱም እየፈረመ ነው ብላ ደመደመች። በልቧ ሰፈሩ ሁሉ በአባቷ ስም ተሞላ፤ ሰዎች ሳያውቁት ስሙን ከፍተው ይወጣሉ፣ ስሙን ዘግተው ይገባሉ፣ ስሙን ተደግፈው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

በስሙ ግን የሚጠራው አልነበረም። ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» ይለዋል፤ የተበላሸ ነገር ባሳዩት ቁጥር መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ቆይ» ነውና። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ቤቱን ያዳምጣል። ሌላው ባለሙያ ግማሹን ግድግዳ ካፈረሰ በኋላ የሚደርስበትን እሱ እዚያው ቆሞ ይደርስበታል። ሱቅ የለውም፤ በር ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ የለውም፤ አለቃም የለውም። አንድ ጊዜ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቤታቸው ድረስ መጥቶ በቁርጥ ደመወዝ ልቅጠርህ ብሎ ለመነው። «ቆይ» አለው። ሦስት ቀን ቆየና «አይሆንም» አለው።

እናቷ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። «ሥራ መጥቶ በር ሲያንኳኳ በሩን የሚጠግን እንጂ የሚከፍት ሰው አላገባሁም!» አለች።

የሚኖሩበትን ቤት ክፍል በክፍል ያቆመው፣ ሁለቱን ታላላቅ እህቶቿን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ግን ይኸው እጁን አጣምሮ የሚቆመው ሰው ነበር። ዋጋው ከማንም ይበልጣል። አይከራከርም፤ አይቀንስም፤ ሰውም እየተነጫነጨ ወረፋ ይይዛል። ልጅቷ ምክንያቱ አይገባትም ነበር፤ ይህን ያህል የሚከፍለው ሰው ሁሉ ዓይኑ የታወረ ይመስላት ነበር እንጂ።

አሁን ጋሽ ቆይ ወገቡን ይዞት፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተንጋሎ፣ ጣሪያውን እያዳመጠ ነው። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት እንዳይነሣ አዞታል። እርሳሱ ግን ከጆሮው አልወረደም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ መርፌ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈላቸው ግን ከሥራቸው ይልቅ ምላሳቸው ነው።

«ጋሽ ቆይስ? የዕቃ ማጠቢያዬ ቧንቧ ከሥሩ እያለቀሰ ነው። ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ በቤቴ እንዲህ አልተለቀሰም!»

«ወገቡ አላስነሣ ብሎታል፣ እትዬ» አለች እናቷ።

«እኔ ልሂድ» አለች ልጅቷ።

እትዬ መርፌ ቀሚስ ሊሰፉላት ያሰቡ ይመስል ከእግር እስከ ራሷ በዓይናቸው ለኳት። «ብሎን የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

እሷ ናት። በሒሳብ ፈተና መካከል ከእርሳስ መያዣዋ ሦስት ብሎኖች እየተንከባለሉ ሄደው መምህሩ ጫማ ሥር ከቆሙ ወዲህ ሌላ ስም የላትም።

«ቆይ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «የሚያንጠባጥበው ከየት ነው? ከመክፈቻው ነው ከመገጣጠሚያው?»

«ከመገጣጠሚያው ነው!» አሉ እትዬ መርፌ፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰገግ አድርገው።

አባቷ ከፍራሹ አጠገብ አስቀመጣት። «መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ዝጊ። ከዚያ ፍቺው፤ ጥርሱ ላይ የተጠቀለለውን አሮጌ የቧንቧ ቴፕ ልቅም አድርገሽ አጽጂ። አዲሱን የምትጠቀልዪው ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ከገለበጥሽው ስታጠብቂ ቴፑ እየተገፋ ይወጣል።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ጠረጴዛው ላይ አሳይተኸኛል እኮ።»

«ጠረጴዛው ላይ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ፤ ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል ወገቡ ቆነጠጠው። እርሳሱን አውርዶ ሰጣት።

የእትዬ መርፌ ቤት ጠባብ ነበር፤ ጨርቅ ያልተከማቸበት ጥግ የለውም። በዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ እንኳ አንድ ትልቅ ካርቶን ተቀምጧል።

«እሱን እንዳትነኪው» አሉ። «የሙሽራ ሐር ነው። እኔ ራሴ እጄን ሳልታጠብ አልከፍተውም።»

ልጅቷ ካርቶኑን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ በጀርባዋ ተንጋለለች፤ ራሷን ወደ ጨለማው አስገባች። እዚያ ውስጥ ሌላ ዓለም ነበር። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ከቧንቧው ሥር በተቀመጠው ባልዲ ውስጥ ባለው ውኃ ላይ ወርዶ፣ ተሰብሮ፣ በቁም ሳጥኑ ጣሪያ ላይ እንደ ዓሣ ይዋኛል። ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ትርርር ይላል፤ ያቆማል፤ እንደገና ትርርር ይላል። ቧንቧዎቹ የቤቱ ሥሮች መሰሏት፤ እሷም ከመሬት በታች ሆና ቤቱ ሲያድግ የምታዳምጥ። በዚያ ሰመመን ውስጥ ሆና ፈታች፣ አጸዳች፣ ነጩን ቴፕ ጠቀለለች። ጠረጴዛው ላይ ቀኝ የነበረው፣ ተንጋለው ከሥር ሲያዩት ግራ እንደሚሆን አላሰበችም።

ማጥበቅ ስትጀምር አየችው። ቴፑ እየተሸበሸበ፣ እንደ ተተረተረ ክር ከመገጣጠሚያው አፍ እየተገፋ ወጣ።

በውስጧ አንድ ነገር «ቆይ» አለ።

የስፌት መኪናው ቆመ። «አለቀ?» አሉ እትዬ መርፌ።

«አለቀ» አለች። ቃሉ ከእሷ ፈጥኖ ወጣ።

ውኃው ተለቀቀ። አንድም ጠብታ አልወረደም። እትዬ መርፌ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፤ ከዚያም እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም። «ደረቅ! እንደ ባለሥልጣን ልብ ደረቅ!» የአባቷን ሙሉ ዋጋ ቆጥረው እጇ ላይ አኖሩ። «አልቀነስኩም፤ እሱም ቀንሶልኝ አያውቅ።»

ልጅቷ የተተረተረውን ቴፕ በጥፍሯ በጥሳ ኪሷ ከተተች። ከዚያም ራሷን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሳ አስገብታ፣ በጀርባው እንጨት ላይ፣ በትልልቁ «ብሎን» ብላ ጻፈች። ከሥሩም ቀኑን። ካርቶኑንም ወደ ነበረበት መለሰችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ስለ ቧንቧው አልጠየቃትም። «ምን ጻፍሽ?» አላት።

«ስሜን።»

ጋሽ ቆይ ሳቀ፤ ሳቁ ወገቡን ሲይዘው «ወይኔ!» አለ፤ ሕመሙን ታቅፎ ደግሞ ሳቀ። «ስምሽን! ስምሽን ምን ያደርጉበታል? ማን እንደ ገባ ያውቁ የለ!»

«አንተስ ስምህን አይደል የምትጽፈው?»

ሳቁ ቀስ ብሎ በረደ። «የኛን የኩሽና መደርደሪያ ሳብ አድርገሽ ጀርባውን እዪ» አላት።

ሳበችው። አቧራው ከተበተነ በኋላ የአባቷ ድቅቅ ያለ ጽሑፍ፣ መስመር በመስመር፣ ብቅ አለ። «የግራው ብሎን አጭር ነው። ረጅም አጥቼ ነው። ይቀየር።» ከጎኑ፣ በሌላ ቀን፦ «ተቀየረ።» ዝቅ ብሎ፦ «ግድግዳው እዚህ ጋ ባዶ ነው፤ ከባድ ነገር አይሰቀልበት። ስበሳ ተሳስቼ ቦርቡሬው ነው።» ሌላው ደግሞ፦ «ቸኩያለሁ። ከዝናቡ በኋላ ይታይ።» አጠገቡ፦ «ታየ። ደህና ነው።»

ስሙ የትም አልነበረም። ያኔ በየወንበሩ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ፣ አባቷ በየሰው ቤት ተደፍቶ ይጽፍ የነበረው ጉድለቱን ነበር።

«ሰዎቹ ያውቃሉ?» አለች ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ።

«የሚያሳስባቸውን እነግራቸዋለሁ። የቀረው ለራሴ ነው፤ እኔ ብቀርም ከኔ በኋላ ለሚከፍተው።» ጣሪያውን እያየ ቀጠለ። «ሰው ዋጋህ ተወደደ ይለኛል። እኔ የማስከፍለው ሁለቴ ለመምጣት ነው፤ እነሱ ሁለተኛውን ለሰላምታ የመጣሁ ይመስላቸዋል።»

ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልነገረችውም።

ሰኞ የክፍል ጓደኛዋ፣ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ፣ በዕረፍት ሰዓት አግዳሚው ላይ ገፋ አድርጓት አጠገቧ ተቀመጠ። «ብሎን፣ አንቺ እኮ አራዳ ነሽ! እትዬ መርፌ ለእናቴ አውርተውላት አይጠገቡም። ቅዳሜ ነይ ብላሻለች። የመድኃኒት ቤቱ በር አልዘጋም እያለ ነው።»

«እኔን?»

«አንቺን ነዋ! እኛ ለፈተና ደብተር ላይ ስናፈጥጥ አንቺ ሀብታም ልትሆኚ ነው።»

ለጥቂት ሰዓታት ጣፋጭ ነበር። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ራሷን አየች፤ ሳጥኗን አንግባ፣ አለቃ ሳይኖራት፣ ከበር ወደ በር ስትሄድ፣ ሰዎች ወረፋ ይዘው ሲጠብቋት። ከዚያ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። ወደ ጣሪያው አየች፤ ደረቅ ነው። ማክሰኞም ሰማችው፤ እቤት፣ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ሳለች። ኪሷ ውስጥ ያለውን የቴፕ ቁራጭ ስትነካው ድምፁ ይቆማል፤ ስትለቀው ይመለሳል። ደረቅ ነው እኮ፣ እትዬ ራሳቸው ዳስሰውታል። ብትናገር ቅዳሜ የለም። ብትናገር «ጋሽ ቆይ ልጁን ልኮ ሥራ አበላሸ» ይባላል፤ አባቷ በዕድሜው ሙሉ አንድ ሰሌዳ ያልሰቀለበት ስም በአንድ ረፋድ የሰው መሳቂያ ይሆናል። ባትናገር ደግሞ ያ ካርቶን ከሥሩ አለ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ የቤቷን መንገድ አልያዘም።

እትዬ መርፌ ቤት ሙሽራዋና አክስቷ ልብስ ሊለኩ መጥተው ነበር። እትዬ አፋቸው ውስጥ አራት መርፌዎች ነክሰው፣ ከሙሽራዋ እግር ሥር ተንበርክከዋል።

«እትዬ፣ ቧንቧውን ልፈታው ነው የመጣሁት።»

እትዬ መርፌ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። «ምን ሆነሽ? ደርቋል እኮ! ጠዋት ዳስሼዋለሁ።»

«ቴፑን ገልብጬ ነው የጠቀለልኩት። ሳጠብቀው እየተገፋ ሲወጣ አይቻለሁ።» ቁራጩን ከኪሷ አውጥታ አሳየቻቸው። «አይቼ ዝም አልኩ።»

«አሁን ይቺን ልጅ ነው ባለሙያ ብለው ያስገቡት?» አለች አክስትየዋ።

የእትዬ መርፌ ዓይን ቁራጩ ላይ ነበር። «እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ ለመድኃኒት ቤቷ፣ ለዳቦ ቤቱ፣ ለሰፈሩ ሁሉ... አዋረድሽኝ እኮ!»

«ይኸንንም ይንገሯቸው፣ እትዬ። ለመድኃኒት ቤቷ እኔ ራሴ እነግራለሁ።»

ሙሽራዋ በግማሽ ቀሚስ፣ በመርፌ ተወጥራ፣ መንቀሳቀስ ፈርታ ቆማለች።

«መጀመሪያ» አሉ እትዬ መርፌ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሸካራ ሆኖ፣ «ካርቶኑን አውጪልኝ።»

አወጣችው። ካርቶኑ የነበረበት እንጨት ላይ፣ የአዝራር ስፋት ያላት አንዲት ጠቆር ያለች እርጥበት ነበረች። የካርቶኑ ጠርዝ ለስልሷል፤ ሐሩ አልተነካም። እትዬ መርፌ እርጥበቷን በአውራ ጣታቸው ነክተው ወደ ሙሽራዋ ተመለሱ።

ልጅቷ ዋናውን መዝጊያ ዘጋች። ተንጋለለች፤ ብርሃኑ ዛሬም ከላይዋ ይዋኝ ነበር። ቴፑን ከመንካቷ በፊት እጇን ወደ ኋላ ማጣመር ስላልቻለች ደረቷ ላይ አጣመረችው፤ ቆየች። መገጣጠሚያውን ፈትታ አሮጌውን ቴፕ አጸዳች፤ ባዶውን ወደሚጠብቅበት አዞረችው፤ አቅጣጫውን በጣቷ ተከተለችው፤ ፈታችው፤ በዚያው አቅጣጫ ጠቀለለች። ሲጠብቅ አንድም ክር አልወጣም። ከ«ብሎን» ሥርም በትንንሹ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ቴፑ ተገልብጦ ነበር። አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ረቡዕ ተስተካከለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይታይ።»

ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤትም እንዳለችው ራሷ ነገረቻት፤ ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ አልጠራትም። አባቷ የሆነውን ሁሉ ከእሷ ሰምቶ «ተንጋለሽ ነው የሠራሽው፤ ያንን አልነገርኩሽም» አለና እርሳሱን ስትመልስለት ሳይቀበላት ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ እትዬ መርፌ ቤት ተመልሳ ሄዳ ቧንቧውን አየችው።