ያለፍናቸው ሁለት ደቂቃዎች

ሠርክ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በሩ አጠገብ ነበር፤ ክፉ ነገር ቢመጣ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቻት። ምን ዓይነት ክፉ እንደሚመጣ ራሷም አታውቀውም፤ እንደሚመጣ ግን እርግጠኛ ነበረች። ሰማዩ ጠርቶ በሚውልበት ቀን እንኳ ጃንጥላ ሳትይዝ ከቤቷ አትወጣም።

ቦታው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር፣ የጋሽ መኳንንት ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ የ«ሸማኔ» ደጋፊዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሸማኔ ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእግር ኳስ ቡድን ነበር። ፋብሪካውም ቡድኑም ከፈረሱ ቆይተዋል። የቀሩት ስድስት የቪዲዮ ካሴቶች ናቸው። የቀረጻቸው በፋብሪካው ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መካኒክ ሲሆን፣ የካሜራው ማይክሮፎን የተበላሸ ስለነበር ምስሉ ድምፅ የለውም። ድምፁን የሚያወጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሳሳተውን ዳኛ ዛሬም ይሰድባሉ።

ሕግ አላቸው። ማንም ውጤት አይናገርም። ስንት ጊዜ ያዩትን ጨዋታ እንደ አዲስ ነው የሚያዩት፤ ውጤት ያመለጠው ሰው ለቤቱ ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ሁለተኛው ሕግ ከበድ ይላል። የሞተ ተጫዋች ምስሉ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም ከወንበራቸው ይነሡና «ነፍስ ይማር» ይላሉ። በፊት በፊት አንዴ ወይ ሁለቴ ነበር የሚነሡት። አሁን ከመቀመጡ መቆሙ በዝቷል።

ለአንድ ሰው ግን አይነሡም፤ ለበረኛው ለሐብተማርያም።

በ1980 ዓ.ም. የዋንጫ ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ሐብተማርያም ላይ አንድ ቀላል ኳስ ገባበት። ኳሱን ሊይዝ ሲወረወር የቀኝ እግሩ ታኬታ ወልቆ በረረ። ክሩን ሳያስር ለፍጻሜ የሚገባ በረኛ የት አገር አለ? «ጨዋታውን ሸጦታል» ተባለ። ስሙም «ባለ አንድ ታኬታው» ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ከአገር ጠፋ፤ የት እንደገባ ያወቀ የለም።

ሠርክ ታውቃለች። እዚሁ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ ትንሽ የቅመም ሱቅ ከፍቶ፣ ከሐበሻ ሳይቀላቀል ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሮ ባለፈው ዓመት ሞተ። አባቷ ነው።

እናቷ ትታቸው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ስለ ወጣትነቱ ስትጠይቀው «ዝም አይነቅዝም» ይላታል፤ አከተመ። ከቀበረችው በኋላ አልጋው ሥር አንድ ጥንድ የበረኛ ጓንትና የቡድን ፎቶግራፍ አገኘች። ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ወጣት ሆኖ ልታየው ጓጓች። አፈላልጋ እዚህ ቤት መጣች፤ በመጀመሪያው እሑድ ስድቡን ሰማች። ስሟን ብቻ ተናግራ የአባቷን ስም ዋጠችው። ማን እንደሆነች ቢያውቁ ያባርሯታል፤ ከተባረረች ደግሞ አባቷን ዳግመኛ አታየውም።

ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠረጠሩት።

«ይቺ ልጅ ለኳስ ብላ አይደለም፤ ለሚናስ ነው የምትመጣው» ይላሉ።

እያደር እሱም እውነት ሆነ።

ሚናስ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ኮምፒዩተር የሚጠግን የሠላሳ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። ድምፁ ግሩም ስለሆነ ለድምፅ አልባው ምስል ጨዋታ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ከጎኑ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ የአባቱ ነው። አባቱ ከሦስት ዓመት በፊት እስኪሞቱ ድረስ «ሸማኔን ያፈረሰው ያ ሌባ ነው» እንዳሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም።

አንድ እሑድ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እስከምትይዝ ድረስ ሊሸኛት አብሯት ወጣ።

«ሠርክ፣ ኳስ ትወጃለሽ?»

«እንጃ።»

«ሰባት እሑድ መጣሽ እኮ!»

«ቆጥረሃል?»

ሚናስ አንገቱን አከከ። መንገዱ ላይ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች ይጯጯሃሉ።

«አባትሽ ናቸው ያስለመዱሽ?»

«አባቴማ ሬዲዮ ስለ ኳስ ማውራት ሲጀምር ነበር የሚያጠፋው» አለች። ልታቆም ነበር፤ ግን ስንት ወር ያላወራ አፍ አንዴ ከተከፈተ ይከዳል። «ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም ነበር። ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው ይለኝ ነበር። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት እጄ ሥራ ፈታ።»

ሚናስ ዓይኗን አየ።

«ፖሌ ሳና» አላት፤ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። አማርኛ ሲያጥረው የሚሸሸው ወደ ስዋሂሊ ነው።

ማታቱው መጣ። እስክትገባ ድረስ ጃንጥላዋን ያዘላት፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ ፈገግ እንዳለች ነበር። ቤቷ ስትደርስ ፈራች። ደስ ያላት ቀን ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ታስባለችና።

አልቀረም፤ መጣ። በሚቀጥለው እሑድ የፍጻሜው ካሴት ወጣ። ጋሽ መኳንንት እንደ ልማዳቸው ሪሞቱን ይዘው፣ ጨዋታ በቆመ ቁጥር «ኳስ የሌለበትን ምን ያያሉ!» እያሉ ያሳልፉታል። የመጨረሻው ደቂቃ ደረሰ። ሚናስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አጥቂው መታ! ባለ አንድ ታኬታው ተወረወረ! እሱ ወደ ቀኝ፣ ታኬታው ወደ ሰማይ! ምን ያድርግ፣ ክር ሊያስር ሲል ብሩን መቁጠር አለብኝ ብሎ ተወው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ መኳንንት እንባቸውን ጠረጉ።

ሠርክ ተነሥታ ወጣች። ሚናስ ዞር ሲል ያየው ክፍቱን በር ብቻ ነው።

ሦስት እሑድ አለፈ። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ናይሮቢ በሐምሌ ፀሐይ የላትም። ሠርክ በአንድ የአየር መንገድ ቢሮ ስልክ ታነሣለች። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው መልካም ጉዞ ትመኛለች። ሲመሽ ወደ አንዲት ክፍል ቤቷ ትመለስና ለአንድ ሰው ሻይ ታፈላለች። ሁለት ብርጭቆ አቅርባ አንዱን የመለሰችበት ቀንም ነበር።

ሚናስ ደወለ፤ አላነሣችም። ጻፈላት፤ አልመለሰችም። ምን ትበለው? «የሳቅህበት ሰው አባቴ ነው» ብትለው፣ እሱ የሌባ ልጅ ሊወድ ነው? አባቱስ መቃብራቸው ውስጥ ሆነው ምን ይላሉ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ደግሞ እባቡንም አይታለች፣ ልጡንም ፈርታለች። በአራተኛው ሳምንት ስልኩ መጮኹን ተወ። «ይኸው» አለች ለራሷ። ልክ መሆኗ ግን አላጽናናትም።

ዐርብ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጢሙን አልተላጨም።

«ሠርክ፣ ሁለት ደቂቃ ስጪኝ። ከዚያ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ።»

«ሚናስ፣ እኔ . . .»

«ምንም አትበዪ። ይሄን እዪ ብቻ።»

ስልኩን አወጣ።

«ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር ስገለብጥ ነበር። ሲገለበጥ ማሳለፍ አይቻልም፤ ሁሉንም ነው የሚወስደው። ጋሽ መኳንንት ሁልጊዜ የሚዘሉት ቦታ አለ፤ ከኮርናው በኋላ ጨዋታው የሚቆምበት። ማንም አይቶት አያውቅም።»

ምስሉ ጀመረ። ሐብተማርያም ሣሩ ላይ ተንበርክኳል። አንድ አጥቂ እጁን ረግጦት እያለፈ ነው። የቡድን ጓደኞቹ ራቅ ብለው ከዳኛው ጋር ይጨቃጨቃሉ። ሐብተማርያም ብቻውን ነው። የቀኝ ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ አወለቀ። ሁለት ጣቶቹ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረዋል። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቀኝ እግሩ ታኬታ ክሩን መዘዘ፤ ሁለቱን ጣቶች አንድ ላይ ጠመጠማቸው፤ በጥርሱ ቋጠረ። ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝለት «ደህና ነኝ» እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ሠርክ አፏን በእጇ ያዘች። ያንን ክር አታውቀውም፤ እነዚያን ጣቶች ግን ታውቃቸዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ቆልፋላቸዋለች።

«ጣቶቹን ሳይ ሸሚዙ ትዝ አለኝ» አለ ሚናስ። «ለምን እንደሄድሽ ያኔ ገባኝ። የቀለድኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሌባ እንዳለው ሞተ፤ እኔ እንደሱ መሞት አልፈልግም። እሑድ ላሳያቸው ፍቀጂልኝ። ካልፈቀድሽ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ቢስቁስ?»

«ከሳቁ አብረን እንወጣለን። አንቺ እንደሆን በሩ አጠገብ ነሽ።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እሱም እስክትጨርስ አጠገቧ ቆመ።

እሑድ፣ በሩ አጠገብ፣ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሚናስ ሪሞቱን ከጋሽ መኳንንት ተቀበለ። ኮርናው ተመታ፤ ጨዋታው ቆመ።

«አሳልፈው እንጂ!» አሉ ጋሽ መኳንንት። «ኳስ የሌለበትን ምን . . .»

«ዛሬ አይታለፍም፣ ጋሼ።»

ሚናስ አንድ ቃል አላስተላለፈም። ሽማግሌዎቹም ድምፅ አላወጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ምስል እንደተፈጠረው ዝም ብሎ ታየ። ጓንቱ ወለቀ። ክሩ ተመዘዘ።

«ወይኔ» አለ አንድ ሰው ከመሐል።

የመጨረሻው ኳስ መጣ። ታኬታው በረረ። የሳቀ አልነበረም።

ጋሽ መኳንንት መነጽራቸውን አወለቁ። «ተጠባባቂው በረኛ ያን ቀን አልመጣም ነበር፤ እናቱ ሞተውበት ነበር» አሉ በቀስታ። «ሐብተማርያም ቢወጣ በረኛ አልነበረንም። እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? የት ይሆን ያለው ይሄ ሰው? ሄደን እግሩ ላይ እንውደቅ።»

«ላንጋታ ነው» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ሁሉም ዞሩ።

«ላንጋታ የት አካባቢ፣ የኔ ልጅ? ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«መቃብሩን ነው የማውቀው።» ከወንበሯ ተነሣች። «ሠርክ ሐብተማርያም እባላለሁ። ፓርክላንድስ ሱቅ ነበረው። ባለፈው ዓመት ሞተ።»

«ፓርክላንድስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ከዚህ ሃያ ደቂቃ አይሆንም እኮ! እኛ እዚህ እየሰደብነው እሱ እዚያ . . .»

ሠርክ የጃንጥላዋን እጀታ ጨብጣ ጠበቀች። ወንበር ተንቋቋ፤ ሌላው ተከተለ። በትር የሚይዙት በበትራቸው፣ የማይችሉት የጎረቤታቸውን ትከሻ ይዘው፣ አንድ ሳይቀር ቆሙ።

«ነፍስ ይማር።»

አባቷ አልሰማም። አንድ ዓመት ዘግይተዋል። ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ሠርክም ደስታዋን ያን ያህል አላመነችውም። ቢሆንም ቆመውለታል።

ሚናስ ባዶውን ወንበር ሳበና ወደ እሷ አየ። ከበሩ እስከዚያ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለእሷ ግን ረጅም መንገድ ሆነባት።

«የአባትህ ወንበር እኮ ነው» አለች አጠገቡ ስትደርስ፣ በሹክሹክታ።

«አዎ። ዛሬ ቢኖር እሱም ይነሣልሽ ነበር።»

ተቀመጠች። ጃንጥላዋን ተቀብሎ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለላት።

«ከመጀመሪያው ጀምርልን!» አሉ ጋሽ መኳንንት አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ደግሞ ውጤት የሚናገር ሰው አልሰማም!»

ምስሉ ተመልሶ ጀመረ። ሐብተማርያም ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱንም ታኬታ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ወደ ሜዳ እየሮጠ ገባ። ወንበሮች እንደገና ተንቋቁ። ቀድማ የተነሣችው ሠርክ ነበረች።

ሲቀመጡ የሚናስን እጅጌ አየች። ቁልፉ ተከፍቷል። እጇ ሳያስፈቅዳት ሄዶ ቆለፈው።

ሚናስ ክንዱን ከእጇ አላራቀም።